የእድራችን ፒካፕ ፍሪሲዮን ለምን ተቃጠለ?

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር የእድራችን ፒካፕ ታራች ላጋ ውስጥ ቆማ ማደሯን አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ያላየ ሰምቷል። በዚያች ሌሊት ምጥ የያዛት አንዲት እህታችን ጋቢናው ውስጥ ነበረች። መኪናዋ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ እስከ መካከሉ ከሄደች በኋላ ሞተሩ እየጮኸ ጎማዎቹ መዞር አቆሙ። ወዲያው እንደ ተቃጠለ ቀንድ የሚከረፋ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ወንዶቹ ወርደው ገፉ፣ አሸዋውን በእጃቸው ዛቁ፤ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ በአቅራቢያው ካለ ቤት አልጋ ተለምኖ፣ አራት ሰው ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳት። ተመስገን ነው፣ በሰላም ተገላገለች። ግን ወሩ የዝናብ ወር ነበር። ላጋ ደግሞ እንደምታውቁት እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሩቅ ቦታ በዘነበ ዝናብ ብቻ ድንገት ይሞላል። ያን ሌሊት ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ስለ መኪና አይሆንም ነበር።

በሳምንቱ እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ከመኪናዋ በፊት የተከፈተው የሹፌሩ ጉዳይ ነው። "እግሩን ከፍሪሲዮን ፔዳል ላይ አያነሣም" ያለ አለ። "የሰው ንብረት ስለሆነች አይሳሳላትም" ያለም አለ። መሪ ጨብጠው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ስለ ፍሪሲዮን አጠቃቀም ረጅም ማብራሪያ ሰጡ። ሹፌሩ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥቶ "መኪናዋ ትከፈትና ትታይ፣ ከዚያ በኋላ ፍረዱብኝ" አለ። የሰማው አልነበረም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ቃለ ጉባኤውን የያዝነው እኛ ነን። "ሹፌሩ በጥፋቱ ከሥራው እንዲታገድ ተወስኗል" ብለን የጻፍነውም እኛው ነን። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስናቀርብ ከዳር ቆሞ እንዳየ ሰው ሆነን አይደለም።

መኪናዋ በአህያ ጋሪ ባይሆንም በሰው ጉልበትና በአንድ የጭነት መኪና እርዳታ ከላጋው ወጥታ ኒም ዛፍ ሥር ቆመች። በአገር ቤት ከሃያ ዓመት በላይ በከባድ መኪና ጋራዥ የሠሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አባት እንዲከፍቷት ተጠየቁ። አብረዋቸው ሁለት ወጣቶች ነበሩ፤ እዚሁ ካኩማ ዶን ቦስኮ የመካኒክነት ሙያ የተማሩ ልጆች ናቸው። እኛም የትምህርት ቤታችንን የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች ይዘን ሄድን። በመጽሐፍ ላይ በሥዕል የምናስተምረውን ነገር በዓይን ማየት ምን ጊዜም ይሻላል ብለን ነው። እዚያ ያየነውን ነው እንግዲህ ለናንተ ለማካፈል የፈለግነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። ጋሼ "ፍሪሲዮን"፣ "ቮላኖ"፣ "ካምቢዮ"፣ "ኩሽኔታ" እያሉ ነው የሚያወሩት፤ ከጣሊያን ወርሰን የያዝነው የጋራዥ ቋንቋ ነው። ልጆቹ ደግሞ የተማሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ "ክላች"፣ "ፍላይዊል"፣ "ጊርቦክስ"፣ "ቤሪንግ" ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ጋሼ ቮላኖውን አቀብሉኝ ሲሉ ልጆቹ መሪውን አዩ። መለዋወጫ ለመግዛት ናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድ የሚላክ ሰው ፍሪሲዮን ብሎ ቢጠይቅ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ስም ማወቅ ይጠቅማል። እኛ ግን እዚህ በለመድነው እንቀጥላለን።

ቮላኖ ምን እንደሆነ ለማወቅ ገበያ ወርዶ የልብስ ሰፊዎቻችንን የእግር ስፌት መኪና ማየት ይበቃል። ሰፊው ፔዳሉን የሚረግጠው በየተራ፣ በመቆራረጥ ነው። መርፌው ግን ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ለምን ቢባል፣ ከታች ያለው ከባድ መንኮራኩር አንዴ ከዞረ በራሱ ክብደት መዞሩን ስለሚቀጥልና ቀጣዩ እርግጫ እስኪመጣ ድረስ ጉልበቱን ስለሚያቆይ ነው። የመኪና ሞተርም እንዲሁ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚገፋው፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ የሚሸፈነው በቮላኖው ክብደት ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ከቤንዚን ሞተር የበረታ ነው። አየሩን ከ16 እስከ 22 እጥፍ ያህል ጨምቆ ነው ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው፤ ቤንዚኑ 10 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር ግፊያ እንደ መዶሻ ምት ነው። ሚኒሞ ላይ በደቂቃ 750 ዙር የሚዞር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በሰከንድ 25 ጊዜ ይመታል ማለት ነው።

ፍሪሲዮኑ ከዚህ ከቮላኖው ፊት ላይ ይቀመጣል። ቮላኖው አንድ ጠፍጣፋ ብረት ነው፣ መጫኛው ሌላ ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ በሁለቱ መካከል ሸራው አለ። ሸራው ወደ ካምቢዮ ከሚሄደው ዘንግ ጋር የተያያዘ ነው። ፔዳሉ ሲለቀቅ መጫኛው ሸራውን ቮላኖው ላይ ያጣብቀዋል፣ ሦስቱም አብረው ይዞራሉ፤ ሲረገጥ ይላቀቃሉ። ይኼው ነው። ችግሩ ያለው በመለቀቅና በመጣበቅ መካከል ባለችው ቅጽበት ነው። ያን ጊዜ አንዱ ይዞራል፣ አንዱ ገና አልዞረም፤ ይፋተጋሉ። በብርድ ጊዜ እጃችንን አፋትገን የምናሞቀው በዚሁ ሕግ ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው "ፍሪሲዮን ስንት ኪሎ ሜትር ይቆያል?" ብሎ ነው። ጋሼ ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ሳቁ። "እኔ ሁለት መቶ ሺህ የሄደም አውጥቻለሁ፤ በአንድ ከሰዓት ያለቀም አውጥቻለሁ" አሉን። የፍሪሲዮን ዕድሜ የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሙቀት ነው። እስቲ በቁጥር እንየው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ሂሳብ ነው።

መኪናዋ ከነጭነቷ 3 ቶን ትመዝናለች እንበል። በአንደኛ ማርሽ ስትነሣ ሸራው መፋተጉን የሚያቆመው መኪናዋ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ላይ ስትደርስ ነው። በዚህች ጊዜ ውስጥ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ጉልበት መኪናዋ ካገኘችው የእንቅስቃሴ ጉልበት ጋር የተካከለ ነው፤ 12 ኪሎ ጁል ገደማ ይሆናል። በሁለተኛ ማርሽ ብትነሣ ግን ሸራው እስከ 18 ኪሎ ሜትር ድረስ መፋተግ አለበት። ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ ሙቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። "ሞተሯ ጠንካራ ነው፣ በሁለተኛም ትነሣለች" የሚባለው ጉራ ዋጋው ይህ ነው። ፎር ዊሉ ላይ ያለችውን ከባዷን ማርሽ፣ ፎር ሎው የሚሏትን፣ ያስገባን እንደሆነ ደግሞ የጎማው ዙር ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ በስድስት እጥፍ ያህል ይወርዳል። ያው መኪና፣ ያው ጭነት፣ ያው ሹፌር። የተለወጠችው አንዲት ዘንግ ብቻ ናት።

አሸዋ ላይ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። ደረቅ መንገድ ላይ መኪናዋ ስለምትነሣ መፋተጉ በሁለት ሰከንድ ያልቃል። አሸዋ ይዟት ጎማው አልዞር ካለ ግን ሸራው ዝም ብሎ ይፋተጋል። ሞተሩ በደቂቃ 1400 ዙር እየዞረ፣ ሸራው 200 ኒውተን ሜትር እያስተላለፈ፣ ጎማው ቆሞ ቢሆን፣ ፍሪሲዮኑ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት 30 ኪሎ ዋት ያህል ነው። አገር ቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የጋገራችሁ እናቶች ታውቁታላችሁ፤ አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ነው የሚወስደው። ስለዚህ ስምንት ምጣድ ባንድ ላይ በርቶ፣ ሙቀቱ በሙሉ ስፋቷ የአንድ ትንሽ ሰፌድ በማታክል ብረት ላይ ሲወርድ አስቡት። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ሸራው እየጋለ ሲሄድ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ የመያዝ አቅሙ ሲቀንስ ይበልጥ ይንሸራተታል፤ ይበልጥ ሲንሸራተት ይበልጥ ይግላል። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም።

ታዲያ ሹፌሩ ነው ማለት ነው? እኛም እዚህ ላይ ስንደርስ እንደዚያ መስሎን ነበር። ጋሼ ግን ካምቢዮውን አውርደው መጫኛውን ሲፈቱ ሌላ ነገር ታየ።

መጀመሪያ ያሳዩን የመጫኛውን ጣቶች ነው። መጫኛው መሐል ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር የተደረደሩ የብረት ጣቶች አሉ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ኩሽኔታው የሚገፋው እነሱን ነው። እግሩን ፔዳል ላይ አሳርፎ የሚነዳ ሹፌር ኩሽኔታውን ቀኑን ሙሉ ከእነዚህ ጣቶች ጋር ያፋትጋቸዋል፤ ጫፋቸው ተበልቶ ጎድጉዶ ይገኛል። የእኛዎቹ ጫፍ ግን ብዙም አልተነካም ነበር። ጋሼ ቀና ብለው አዩንና "መምህር፣ ይኼ እግሩን የሚያሳርፍ ሰው ሥራ አይደለም። ይኼን ጻፉ" አሉን። ጻፍን።

ሁለተኛው ሸራው ነው። ያለቀበት መልክ አልነበረውም፤ ውፍረቱ ገና ነበር። ግን ጠቁሮና አብለጭልጮ፣ በአንድ በኩል ዘይት ጠጥቶ ነበር። ሞተሩ ከኋላ በኩል ዘይት የሚያግድለት ላስቲክ አርጅቶ ቀስ እያለ ሲያንጠባጥብ ከርሟል። ዘይት የነካው ሸራ ሳሙና የነካው እጅ ማለት ነው፤ ይንሸራተታል፤ ይግላል። ሸራው አዲስ ይሁን አሮጌ ለውጥ የለውም።

ሦስተኛው ቮላኖው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንላለን፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ጉዳይ ነውና።

በካምፓችን የምናያቸው ነጫጮቹ ላንድ ክሩዘሮች ብዙዎቹ ዋን ኤችዜድ የሚባለውን ሞተር የተሸከሙ ናቸው። 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ያለ ቱርቦ፤ የመጠምዘዝ ጉልበቱ 285 ኒውተን ሜትር ነው። በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ስለሚገፋ አገፋፉ ለስለስ ያለ ነው። ቮላኖው አንድ ድፍን ብረት ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ፒካፖች ሞተራቸው አነሰ፣ ጉልበታቸው ግን በቱርቦ ጨመረ። የቅርቡ 2.8 ሊትር ሃይሉክስ በእጅ ማርሹ 420 ኒውተን ሜትር ያወጣል፤ ያውም በአራት ሲሊንደር። ጥቂት ምት፣ ግን ከባድ ምት። ይህ ምት በቀጥታ ካምቢዮ ውስጥ ቢገባ ጥርሶቹን ያንቀጫቅጫል፣ ጋቢናውንም ያንዘፈዝፋል። ስለዚህ መሐንዲሶች ቮላኖውን ለሁለት ከፈሉት። አንደኛው ክፍል ሞተሩ ላይ ይታሰራል፣ ሁለተኛው ፍሪሲዮኑን ይይዛል፤ በመካከላቸው በቅባት የተነከሩ፣ ቅስት ቅርጽ ያላቸው ሞላዎች አሉ። ምቱን ሞላው ይውጠዋል። የጀርመኑ ሉክ ይህን ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ እ.ኤ.አ. በ1985 በብዛት ማምረት ጀመረ፤ ከቤት መኪና ተነሥቶ ዛሬ ፎርድ ሬንጀርንና ኒሳን ናቫራን በመሳሰሉ የናፍጣ ፒካፖች ሳይቀር ገብቷል።

ለአስፋልት ጥሩ ፈጠራ ነው። ምቾት አለው፣ ካምቢዮንም ይጠብቃል። ነገር ግን ሞላ ያለው ነገር ሁሉ ይደክማል። ሙቀት ቅባቱን ያደርቀዋል፣ ወይም አቅልጦ ያፈሰዋል፤ ደረቅ ሞላ ብረት ይበላል። በከባድ ማርሽ ዝቅ ባለ ዙር እያቃሰተ የሚነዳ ሞተርም ሞላውን ክፉኛ ይቀጠቅጠዋል። ናፍጣ ለመቆጠብ ብለው በአራተኛ ማርሽ ዳገት የሚወጡ ሰዎች ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው። ድፍኑ ቮላኖ ሲሞቅ ቢበላሽ ቶርኖ ቤት ወስዶ ፊቱን ማስላጥ ይቻላል። ባለ ሁለት ክፍሉን ግን አምራቾቹ ባጠቃላይ አይላጥም፣ ይቀየር ነው የሚሉት፤ ዋጋውም ከሸራው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የእድራችን ፒካፕ ባለ ሁለት ክፍል ነበረች። ጋሼ ሁለተኛውን ክፍል በእጃቸው ይዘው ወዲያና ወዲህ ሲያዞሩት ያለ ምንም ተቃውሞ ይሄዳል፤ ወደ ጎንም ይወላከፋል። ዙሪያውን ቅባት ወጥቶ ደርቆበታል። ፊቱ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ነበሩ፤ ብረት ሰማያዊ የሚሆነው ወደ 300 ዲግሪ ሲደርስ ነው። እነዚያ ቦታዎች ጠጥረው እንደ መስታወት ስለሚሆኑ ሸራ እንደ ልቡ አይነክሳቸውም። ከሁሉ በላይ ግን ጋሼ ጣታቸውን አንድ ነጠብጣብ ላይ አሳርፈው "ይኼ የሚያዝያ አይደለም፤ ቆይቷል" አሉ። ከሥሩ የቆየ ጭረትና ዝገት ነበረው።

ቤት ገብተን የድሮውን መዝገብ አወጣን። ከላጋው ሌሊት አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ በኅዳር፣ ፍሪሲዮኑ አንድ ጊዜ ተጠግኖ ነበር። ቃለ ጉባኤው አለ፤ ጽሑፉም የራሳችን ነው። እንዲህ ይላል፦ "ሹፌሩ ቮላኖው ሚኒሞ ላይ እንደሚንኳኳ፣ ሞተሩም ከኋላ ዘይት እንደሚያንጠባጥብ ገልጿል። በእድሩ በቂ ገንዘብ ስለሌለ ለጊዜው ሸራው ብቻ እንዲቀየር ተወስኗል።"

አንብበን መዝገቡን ዘግተን ትንሽ ተቀመጥን። ሰውየው ነግሮናል። ያውም በትክክል፣ ሁለቱንም ነገር ነግሮናል። እኛ ሰምተን፣ ጽፈን፣ ፈርመን ረሳነው። አዲሱን ሸራ በተበላሸ ቮላኖና በሚያንጠባጥብ ሞተር መካከል አስቀምጠን ስናበቃ ሲቃጠል ሹፌሩን ከሰስን።

ስለ ጭነቱም መናገር አለብን። ፒካፕ ስትመረት የምትችለው አንድ ቶን ገደማ ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል ውኃ ሲሞላ ውኃው ብቻ 200 ኪሎ ነው። እኛ ለሠርጉም ለለቅሶውም አምስት በርሜል እንጭናለን፤ አራቱ ቆመው አምስተኛው በላያቸው ይጋደማል፤ በዚያ ላይ ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ ከዚያም "እኔን እግረ መንገድህን" የሚሉ ሰዎች። ሹፌሩ እምቢ ሲል "ትዕቢተኛ" ይባላል። ኧረ ብለነዋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ምን እንግዛ የሚለው ነው። ሦስት አማራጭ ነበር። አዲስ ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ መግዛት ትክክለኛው ነው፤ አቅማችን አልፈቀደም። ያገለገለ መግዛት ርካሽ ነው፤ ግን የሰው ድካም ገዝቶ መግባት ነው፤ ውስጡን ከፍቶ ማየት አይቻልም። ሦስተኛው ለዚያው መኪና የተሠራ ድፍን ቮላኖ ከነሸራው፣ ከነመጫኛውና ከነኩሽኔታው እንደ አንድ ስብስብ መግዛት ነው። እኛ ይህን መረጥን። ሆኖም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ ላይ የሚገባው ሸራ ብዙውን ጊዜ መሐሉ ላይ ሞላ የለውም፤ ሞላው ቮላኖው ውስጥ ነውና። ድፍን ሲደረግ የግድ ሞላ ያለው ሸራ መሆን አለበት። ቮላኖውን ለውጦ የድሮውን ዓይነት ሸራ የሚያስገባ ሰው ምቱን ሁሉ ካምቢዮው ላይ ነው የሚጭነው።

ገንዘቡ ከየቤቱ 200 ሺሊንግ ተዋጣ። ራሽን እየቀነሰ በመጣበት ጊዜ 200 ሺሊንግ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አንነግራችሁም። መግዛቱን እኛ ያለ መውጫ ፈቃድ ናይሮቢ መሄድ ስለማንችል፣ መኪናዋ በስሙ የተመዘገበችው የቱርካና ወዳጃችን ሄዶልን ነበር። የድሮውን ሸራ በላስቲክ ጠቅልለን፣ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ጽፈን፣ የመለዋወጫውን ስም በእንግሊዝኛ አስጽፈን ላክነው። የሸራው ስፋትና መሐሉ ላይ ያሉት ጥርሶች ብዛት ካልተመሳሰለ መንገዱ ሁሉ ከንቱ ነው። የቮላኖውን ብሎኖችም አዲስ አስገዛን፤ ብዙ አምራቾች አሮጌውን መልሶ ማሰር ይከለክላሉ፤ ሲጠብቅ የተለጠጠ ብሎን ሁለተኛ ጊዜ አይታመንምና። የዘይት ማገጃው ላስቲክም አልቀረም። ከሁሉም ርካሹ እሱ ነበር። ያሳዝናል።

ልጆቹ ሲሠሩ አንድ ነገር ተቆጣን፤ ለሁሉም ጋራዥ የሚሆን ስለሆነ እናንሣው። ካምቢዮው ሲወርድ ውስጡ በጥቁር ዱቄት የተሞላ ነው። አንደኛው ልጅ በአፉ እፍ ሊለው ነበር። አሮጌና ምንጩ ያልታወቀ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ አስቤስቶስ ወደ ሳንባ ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚጠረገው፤ ጨርቁም በላስቲክ ታስሮ ይጣላል። ሕፃናት አጠገቡ አይቆሙ።

ፍሪሲዮን ሊያልቅ ሲል ይናገራል። መኪናዋ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ በመጠነኛ ፍጥነት እየሄደች ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ የሞተሩ ጩኸት ከፍ ብሎ ፍጥነቷ ካልተከተለ ሸራው እየተንሸራተተ ነው። ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ ደግሞ ሞተር ሲነሣና ሲጠፋ ያንቋቋል፤ ሚኒሞ ላይ ይንኳኳል። የቀንድ ሽታ ከመጣ ቁሙ። ሞተሩ ይብረድ፣ ፔዳሉ ይለቀቅ፣ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ። ላጋ ለመግባት ሲታሰብ ከመግባት በፊት ጎማውን ትንሽ ማስተንፈስ፣ ፎር ሎው ማስገባት፣ መሐል ላይ ፍሪሲዮን አለመንካት ነው። ከተያዘች ሰው ይውረድ፣ አካፋ ይምጣ። ፍሪሲዮን አካፋ አይደለም።

መኪናዋ በሰኔ መጀመሪያ ተነሣች። ድፍኑ ቮላኖ ያለ ዋጋ አልመጣም፤ ሚኒሞ ላይ ካምቢዮው ይንገጫገጫል። አንዲት እናት ገብታ "እንዴ፣ ወፍጮ ቤት አደረጋችኋት" ብላለች። ትክክል ናት። ከተማ ውስጥ በአስፋልት የምትሠራ መኪና ብትሆን ይህን አንመርጥም ነበር። ሎድዋር ድረስ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳ ስትመለስ ሹፌሩ ጆሮውን ያመው ይሆናል፤ ሆኖም ላጋ ለሚሻገርና ቶርኖ ቤት አጠገቡ ለሌለው ሰው መንቋቋቱን መቻል ይሻላል ብለን ወስነናል። ጋሼ ይስማማሉ፤ ልጆቹ ገና ይከራከራሉ፣ "ካምቢዮው ይጎዳል" ይላሉ። ያለ ምክንያት አይደለም።

ሹፌሩን ልናነጋግረው የሄድነው ሦስት ሆነን ነው። ውኃ በጋሪ እየሸጠ ነበር። የኅዳሩን ቃለ ጉባኤ ገልጠን አሳየነው። አነበበውና "መምህር፣ ይኼን እኮ እርስዎ ነዎት የጻፉት" አለን። አዎ አልነው። ይቅርታ ጠየቅነው፤ በሚቀጥለው እሑድም በሕዝብ ፊት ጠየቅነው፤ የእግድ ውሳኔው መሰረዙም በዚያው መዝገብ ተጽፏል። ወዲያው አልመጣም። ሁለት ሳምንት አሰበበት። ሲመለስ ያቀረበው አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው፤ በጭነት ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የእርሱ እንዲሆን። ተስማማን። በማግሥቱ ነጭ ቀለም ገዝቶ የመጫኛዋን ወለል አራት ክብ ሣለበት፤ እያንዳንዱ ክብ የአንድ በርሜል መቆሚያ ነው። ሠርግ ያላችሁ ሰዎች አምስተኛውን በርሜል ይዛችሁ አትምጡ።

የተቃጠለው ሸራና ለሁለት የተከፈተው ቮላኖ ታጥበው በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክፍል ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ክፍት ነው፤ ልጆቹ ሞላውን ያሳዩዋችኋል።